ብቻውን ሰዓት የማይከፍተው ኢድሪስ

መሞቱን የነገረኝ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ነው። ከሆሞሻ የመጣ ነጋዴ ነው፤ መስታወቱ ፊት ቆሞ ወገቡን እያየ፣ "ያ እናንተ በረንዳ ላይ ይቀመጥ የነበረው ሰዓት ሠሪ ሞተኮ" አለኝ።

"የትኛው?" አልኩት፣ እያወቅኩ።

"ኢድሪስ ነዋ። ያ የባለሥልጣኑን ሰዓት የሰረቀው።" ወዲያው ደግሞ "እግሩ ጋ ትንሽ አልረዘመም?" ብሎ ጠየቀኝ።

ተንበርክኬ ሱሪውን በጠመኔ አሰመርኩበት። መስመሩ ተጣመመ፤ ሰውየው ግን አላየም።

የሰው ሞት እንዲህም ይነገራል። ዕድሜውን በሙሉ በንጹሕ እጅ የሠራ ሰው፣ ሲሞት የተጠራለት ያልሠራው ሥራ ብቻ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን የትኛው ስም ከላይ እንደሚቀር ሟቹ አይመርጥም። ለጋሽ ኢድሪስ የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ይሄን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ለዚሁ ነው።

የተዋወቅነው አሶሳ ገበያ ዳር፣ ማንጎው ሥር ባለችው በረንዳ ላይ ነው። እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሠፈሩ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ እርሻው አልሆን ሲለኝ የስፌት መኪና ይዤ ከተማ ገባሁ። እሱ የሆሞሻ በርታ ነው፤ ሰዓት መሥራት የተማረው ሱዳን፣ ዳማዚን፣ ከአንድ አሮጌ መምህር ዘንድ ነው። ከበረንዳው ግማሹ የኔ መኪና፣ ግማሹ የሱ ጠረጴዛ ነበር። ስሜን ጠርቶት አያውቅም። ሱዳኖች ልብስ ሰፊን በሚጠሩበት ቃል "ተርዚ" ይለኝ ነበር፤ ቀስ በቀስ ገበያው ሁሉ ተርዚ አለኝ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ማጉያ መነጽሩን ሲያስርም ሲፈታም ግራ ዓይኑን መጨፈን ስለለመደ፣ ሰላም ሲልህ እንኳ ጨፈን አድርጎ ነው የሚያይህ። መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ተቀይሜው ነበር።

አንድ ልማድ ነበረው። ሰዓት ብቻውን አይከፍትም። ባለቤቱ ካለ ባለቤቱን ጎኑ አስቀምጦ ይከፍታል። ባለቤቱ ከሌለ "ተርዚ! ና፣ እይ!" ይላል። እኔ ፔዳሌን ትቼ እሄዳለሁ። ክዳኑን ነቅሎ ማሽኑን ወደኔ ያዞራል።

"አየህ?"

"አየሁ።"

"ቀይ ጠጠር ስንት ነው?"

ማሽኑ ውስጥ የሚያበሩትን ጥቃቅን ቀያይ ድንጋዮች ቆጥሬ እነግረዋለሁ። ሥራውን ሲጨርስ፣ ከኔ በሚወስዳት አሮጌ የስፌት መርፌ የክዳኑን ውስጥ ይጭራል፤ አንድ ትንሽ ጨረቃ፣ ከጎኗ ደግሞ አንድ ቀጥ ያለች መስመር። "ጨረቃ እኔ ነው። መርፌ አንተ ነው" ይለኛል። "ሰዓት ሠሪ ሁሉ ዕቃ ለወጠ ይባላል። ሁለት ሰው ካየ ግን ማን ይላል?"

የሚያስቀኝ የራሱንም ሰዓት ሲያጸዳ መጥራቱ ነበር። በየዓመቱ ጾም ሊገባ ሲል የእጁን ሰዓት ይከፍትና "ተርዚ! ና፣ እይ!" ይላል።

"የራስህን ሰዓት ማን ይሰርቅሃል፣ ጋሽ ኢድሪስ?"

"ሰው መጀመሪያ ራሱን ነው የሚሰርቅ" ይለኛል፣ ሳይስቅ። ቆጥሬ "አሥራ ሰባት" እላለሁ፤ ጨረቃውንና መርፌውን ይጭራል፤ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ያኔ ጊዜዬን የሚያባክን ሰው ይመስለኝ ነበር።

ያቺ የእጁ ሰዓት የቻይና ነች። ፊቷ ላይ የቻይና ፊደል አለባት፣ ቺንጊያዋ ተልጧል፣ መስታወቷ ተጭሯል፤ ግን ደቂቃ አታዛንፍም። ሙያውን ተምሮ ከዳማዚን ሲወጣ መምህሩ የሰጠው ናት። መምህሩ ሁለት ሰዓት ከፍቶ አስቀመጠለት አሉ፤ አንዱ ትልቅ ስም ያለው፣ አንዱ ይሄ። "ይሄ በስሙ ይበላል፣ ይሄ በሥራው ይበላል፤ ምረጥ" አለው። እሱም መረጠ። የገበያው ሰው ግን ይስቅበት ነበር። በተለይ ከመንጌ ወርቅ አጥበው የሚመጡት ጎረምሶች፣ የስዊዝ ስም ያለበት የሚያብረቀርቅ ሰዓት አስረው እጃቸውን ከእጁ ጎን ይደቅኑና ያወዳድራሉ። "ሰዓት ሠሪ ሆነህ ቻይና ታስራለህ?" ይሉታል። የነሱን ይከፍትላቸዋል። "ይሄም ቻይና ነው" ይላል። "ያንተ ስሙን ደብቋል። የኔ አልደበቀም።" የሽማግሌ ቀልድ መስሏቸው እየሳቁ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን እኔም ልፈትነው ብዬ፣ "ቻይናዎቹስ ራሳቸው ከፈረንጅ ቀድተው አይደል?" አልኩት።

"ቀድተዋል" አለኝ። "የፈረንጅ ሰዓት ፈታ፣ አየ፣ ገጠመ፣ ተበላሸበት፣ እንደገና ፈታ። በኋላ የራሱን ሠራ፣ ስሙን ጻፈ። እኔ ከመምህር ቀድቻለሁ። አንተም ከሰው ቀድተሃል። መቅዳት ሃራም አይደለም፣ ወላሂ። በራስህ እጅ ሠርተህ የሰው ስም ስትጽፍ፣ እሱ ነው ሃራም። ያ ሥራ አባት የለውም።"

አስሊ የሚላት ቃል ነበረችው፤ ሱዳኖች እውነተኛ ለሆነ ዕቃ የሚሏት ናት። ለገበያው ሰው አስሊ ማለት ከሩቅ አገር የመጣ ማለት ነው። ለሱ ግን የሠራው ሰው ስሙን ለመጻፍ ያላፈረበት ዕቃ ነው። ይሄን ሲነግረኝ አንገቴን ደፍቼ ቁልፍ እተክል ነበር።

ከዚያ ክልል ሆንን። ቢሮ ተከፈተ፣ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ ትናንት በሳይክል ሲሄድ የምናውቀው ሰው ኃላፊ ተባለ፤ ኃላፊ ደግሞ ኮት ያስፈልገዋል። በአሶሳ ሙቀት ኮት! የላባቸው ነገር የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እኔ ሥራ አገኘሁ። ክፋቱ፣ አሶሳ የተሰፋ ኮት ማንም አይፈልግም። ስለዚህ ከመርካቶ "ጣልያን አገር የተሠራ" የሚል የኮሌታ ማርክ አስመጣሁ። ቤቴ ሰፍቼ፣ ማርኩን ኮሌታው ሥር ሰፍቼበት፣ በረንዳው ላይ እሰቅለውና "ከውጭ የገባ ነው፤ እጅጌውን ብቻ አስተካክልልሃለሁ" እላለሁ። ገዢው ሲለብሰው ትከሻው ይነፋል።

ጋሽ ኢድሪስ አንድ ቀን ከተሰቀሉት አንዱን ገልብጦ የብብቱን ስፌት በጣቱ ዳሰሰ። ብብት ላይ ሁለት ጊዜ እንደምመላለስ ያውቃል።

"ተርዚ፣ ይሄ ያንተ እጅ ነው።"

ኮቱን ከእጁ ተቀብዬ መልሼ ሰቀልኩት።

"ጥሩ እጅ ነው። ለጣልያን ለምን ሰጠህ?"

"በኔ ስም ማን ይገዛል፣ ጋሽ ኢድሪስ?"

"እኔ" አለ።

እውነትም ለኢድ ጀለቢያ አሰፋኝ። ሊወስድ ሲመጣ አንገቱን ገልብጦ ማርክ አለመኖሩን አየና ሳቀ። ስለ ኮቶቹ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ኮት ከገዙኝ መካከል አንድ የቢሮ ኃላፊ ነበር። ከአሶሳ ከሄደ ቆይቷል፤ ስሙን ባነሳው የሚጠቅመው የለም። አንድ ሥራ ተቋራጭ በስጦታ የሰጠው ወርቅማ፣ ከባድ፣ ትልቅ የስዊዝ ስም የተጻፈባት ሰዓት ነበረችው። በስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣው ለአስተያየት ሳይሆን ሰዓቷን ለማሳየት ነው ይባልለታል። ክረምት ላይ ውሃ ገባባትና ቆመች። ሾፌሩ አመጣትና ጠረጴዛው ላይ ጣላት። ጋሽ ኢድሪስ "ቁጭ በል፣ ስከፍት እይ" ቢለው፣ "መኪና ዳር አቁሜ ነው" ብሎ ሄደ።

"ተርዚ! ና፣ እይ!"

ሄጄ አየሁ። አሳምሬ ነው ያየሁት። የኃላፊውን ሰዓት ከፈተ፣ የእጁንም ሰዓት ፈትቶ ከፈተ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። የእናት ልጆች ናቸው። ብሎኖቹ፣ ጥርሶቹ፣ የጠጠሮቹ አቀማመጥ፣ ሁሉ አንድ ነው።

"አየህ?"

"አየሁ።"

"ስንት?"

"አሥራ ሰባት።"

ሁለት ቀን ሠራባት። አድርቆ፣ አጽድቶ፣ ዘይት ነክቶ ሲገጥማት ክዳኑን እንዳልጫረ አስተዋልኩ። "ጨረቃህስ?" አልኩት። "ስሙ የሱ አይደለም" አለኝ። "ከውሸት ስም ጎን ስሜን አልጽፍም።"

ሊወስዳት ኃላፊው ራሱ መጣ፤ የኔን ኮት ለብሶ፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ። ሰዓቷን ጆሮው ላይ አደረጋት፤ ትሄዳለች። "አዲስ አበባ ልልካት ነበር" አለ። "የስዊዝ ሰዓት እዚህ አገር የሚነካ እጅ አለ ብዬ አላሰብኩም።"

እዚህ ላይ ጋሽ ኢድሪስ አመስግኖ ዝም ቢል ኖሮ በረንዳችን ላይ ያረጅ ነበር። ግን ደስ ብሎታል። ጥሩ ማሽን አግኝቶ፣ ከሞት አንስቶ፣ ለባለቤቱ የምሥራች የሚነግር መስሎታል።

"አትፍራ" አለው። አማርኛ ለሱ ሁለተኛ ቋንቋው ነውና ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው፤ ማንም አይቀየመውም ነበር። "አትፍራ፣ ይሄ ስዊዝ አይደለም። ውስጡ ቻይና ነው። ወላሂ ጥሩ ቻይና ነው፣ እንደ እኔ ሰዓት። ስሙ ብቻ ነው ውሸት። ሃያ ዓመት ይሠራል።"

ከኋላ ከቆሙት አንዱ ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ አመለጠው። ነገሩን ያበላሸችው ያቺ ሳቅ ናት። የኃላፊው ፊት ተለዋወጠ።

"የኔ ሰዓት ቻይና?" አለ። "ስዊዝ ሰጥቼህ ቻይና ነው የምትመልስልኝ? ማሽኑን አውጥተህ የራስህን ቆሻሻ ከተትክበት አይደል!" ከዚያ የጋሽ ኢድሪስን እጅ ያዘና ወደ ላይ አነሳው። "ይኸውላችሁ፣ ዓይነቱን እጁ ላይ እዩት!"

ገበያው ተሰበሰበ። ጋሽ ኢድሪስ አልደነገጠም። ፈገግ እንዳለ ወደኔ ዞረ፣ ግራ ዓይኑን እንደ ልማዱ ጨፈን አድርጎ።

"ተርዚ አይቷል" አለ። "ስከፍት እዚህ ቆሟል። ተርዚ፣ ንገራቸው።"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ኃላፊውም ዞረ፤ ሲዞር የኮቱ ኮሌታ ገለጥ አለና ማርኬ ታየኝ። የሰዓቷ ስም ውሸት ነው ብል፣ ያ የሳቀው ሰው "ኮቱስ?" ይላል። ኮቱ ይገለበጣል፣ የሁሉም ኮት ይገለበጣል፣ እኔ አልቄያለሁ። ያሰብኩት ይሄን ብቻ ነው። ስለ ሰውየው አላሰብኩም።

"እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ" አልኩ። "ልብ አላልኩም።"

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። ሌላ ነገር እጨምር እንደሆነ ትንሽ ጠበቀኝ። አልጨመርኩም። መኪናዬን መርገጥ ጀመርኩ፤ ክር እንኳ አልገባባትም ነበር።

ሦስት ቀን ታሰረ። ቤቱ ተፈተሸ፤ የስዊዝ ማሽን አልተገኘም፣ ከየት ይገኛል? ያቺው ምልክቱ ግን ዞራ እሱን ወጋችው። ከጠባቂዎቹ አንዱ ቀደም ሲል የተሠራለትን የራሱን ሰዓት ከፍቶ፣ "የኔ ላይ ጨረቃህ አለች። የኃላፊው ላይ ለምን የለችም? ምን ልትደብቅ ነው?" ብሎ ጠየቀው አሉ። "ስሙ ውሸት ነው፤ ለዚያ ነው" ብሎ መለሰ። ሳቁበት። በመጨረሻ ማስረጃ የለም ተብሎ ተለቀቀ፤ በኛ ከተማ ማስረጃ የለም ማለት ደግሞ አደባበቁን ያውቅበታል ማለት ነው። በሳምንቱ ሰው እየመጣ ሰዓቱን ወሰደ። ፊቱ እያስከፈቱ ጠጠር የቆጠሩም ነበሩ።

እሱ ወደ በረንዳው ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት "ሰላም አለይኩም፣ ተርዚ" ይለኛል። ማንጎ ሲቆርጥ ግማሹን ይሰጠኛል። ቢሰድበኝ፣ ቢረግመኝ፣ ጠረጴዛውን ቢገለብጥብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አንዲት ሴት የቆመ የጠረጴዛ ሰዓት አምጥታለት ወደ ሸመታዋ ሄደች። እግሬን ከፔዳሉ ላይ አንስቼ ጠበቅኩ። ወንበሩን አዞረ፣ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ብቻውን ከፈታት።

ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የኔን ሆድ አላየም። ሁለት ጊዜ ወደ ኃላፊው ቢሮ ለመሄድ ተነስቼ ከበሩ ተመልሻለሁ። ከዚያ ኃላፊው ተዛወረ፤ ሰዓቷንም ኮቱንም ይዞ ሄደ። ኮት መስፋቴን አልተውኩም፤ ማርኩንም አልተውኩም። ጋሽ ኢድሪስም ሥራ ሲጠፋ ጠረጴዛውን በጭነት መኪና ጭኖ ወደ ሆሞሻ ለመግባት ተነሳ። ከመሄዱ በፊት ወደኔ መጥቶ ቆመ። አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ፔዳሌን አቆምኩ።

"ተርዚ፣ አሮጌ መርፌ አለህ?" አለኝ።

ጭብጥ ሙሉ ሰጠሁት። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየሁትም፤ ሆሞሻ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ለቅሶው ላይ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ያየሁትን፣ የዋሸሁትን፣ የኮሌታውን ማርክ ሳይቀር። እጄን ይዘው የሚያዋርዱኝ መስሎኝ ነበር። በአክብሮት አዳመጡኝ። አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ "የምን ሰዓት ነው?" ሲል ሰማሁት። ትልቁ ሽማግሌ "አላህ ይርሐመው። ያለፈ ነገር ነው ልጄ፣ ተቀመጥ፣ ብላ" አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እውነት አድሮ አድሮ፣ ሲጠራ የሚያየው አልነበረም። ተቀመጥኩ፤ በላሁም።

ልወጣ ስል የጋሽ ኢድሪስ ልጅ ዘሃራ ተከተለችኝና በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ሰጠችኝ። የቻይናዋ ሰዓት ናት።

"አባ ለተርዚ ስጡ ብሏል" አለችኝ።

"ሌላስ? ሌላ ምን አለ?"

"ሌላ የለም። ስጡ ነው ያለ።" ትንሽ አሰበችና "ወንድሜ አልፈለገም፣ ቻይና ነው ብሎ" አለች።

አሶሳ ተመልሼ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። በሱ ቦታ አሁን ባትሪ የሚሸጥ ሰው አለ። ክዳኗን እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት በቢላ ጫፍ ነቀልኩ። ውስጡ ጨረቃዎች በተርታ ተጭረዋል፣ ለየዓመቱ አንድ። ከየጨረቃው ጎን የኔ መርፌ አለች። ከአንድ ቦታ በኋላ ግን ጨረቃና ባዶ፣ ጨረቃና ባዶ ነው። የመጨረሻዎቹ ጨረቃዎች ትንንሽ ናቸው፣ እጁ ተንቀጥቅጧል፤ ዳሩ ላይ ተጨናንቀዋል። ቦታ ጠቦት እንኳ የመርፌዋን ቦታ አልነካም። በየዓመቱ ትቶልኛል።

ከመሳቢያዬ አሮጌ መርፌ አወጣሁ። ጫፏን የመጀመሪያው ባዶ ላይ አደረግኩ። ያን ዓመት ሲከፍታት እኔ የት ነበርኩ? እዚሁ ነበርኩ፣ የጣልያን ማርክ እየሰፋሁ። አላየሁም። ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ብጭር ከኮሌታው ማርክ በምን ይለያል? መርፌዋን መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩ።

ቀያይ ጠጠሮቹን ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ናቸው።

"አየሁ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ባትሪ የሚሸጠው ሰው ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።